የማይጮኸው ሕመምተኛ

እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያዋ የሜልቦርን ከተማ፣ ሎርት ስሚዝ በሚባለው የእንስሳት ሆስፒታል አንድ ቀዶ ሕክምና ተደረገ። በሽተኛው ጆርጅ የሚባል የ10 ዓመት ወርቃማ ዓሣ ነበር። በአናቱ ላይ የበቀለው ዕጢ እያደገ ሄዶ ኑሮውን አክብዶበታል። ሐኪሙ ትሪስታን ሪች ለአሳዳጊው ያቀረቡት ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ቀዶ ሕክምና፣ ወይ ያለ ስቃይ እንዲሞት ማድረግ። ቀዶ ሕክምናው ተመረጠ። ሦስት ባልዲ ተዘጋጀ፤ አንዱ ዓሣውን የሚያስተኛ ብርቱ ማደንዘዣ ያለበት፣ ሁለተኛው እንቅልፉን የሚያቆይ ቀለል ያለ መጠን የተቀላቀለበት፣ ሦስተኛው ሲነቃ የሚገባበት ንጹሕ ውሃ። ጆርጅ ከውሃ ውጭ በቆየበት ጊዜ ኦክስጅን የያዘ ውሃ በቀጭን ቱቦ በአፉ እየገባ በመተንፈሻ ስንጥቦቹ ላይ ይፈስስ ነበር። ሥራው 45 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ዕጢው ወጣ፣ ቁስሉ ተሰፋ፣ የሕመም ማስታገሻና ፀረ ባክቴሪያ ተሰጠው። ወጪው 200 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ነበር።

ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር የሚነሳው ጥያቄም አብሮት ተነሳ፤ በጥቂት ዶላር ሌላ ዓሣ መግዛት ሲቻል ይህ ሁሉ ለምን? ጥያቄው ተራ የገበያ ሒሳብ ይመስላል። ውስጡ ግን ፈላስፎችና የሃይማኖት መምህራን ለዘመናት ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ አለ። ሰው ለማይናገር፣ ለማያመሰግን፣ ነገ በሌላ ሊተካ ለሚችል ፍጡር ዕዳ አለበት ወይ? ካለበትስ ዕዳው ከየት መጣ?

ለመልሱ የዚህን ዓሣ የትውልድ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። በተለምዶ ጎልድፊሽ የሚባለው ዓሣ ጥንተ ዘሩ በቻይና ወንዞችና ኩሬዎች የሚኖር፣ መልኩ ግራጫማ የሆነ የካርፕ ዘመድ ነው። ከዚህ ዘር አልፎ አልፎ ቀይ ወይም ቢጫ ሆኖ የሚወለድ ይገኛል። በዱር ውሃ ውስጥ እንዲህ ያለው ዓሣ ዕድሜ የለውም፤ ከሩቅ ስለሚታይ የወፍ ሲሳይ ይሆናል። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ፣ ግን መጠጊያ አገኘ። በቻይና ቡድሂስቶች ዘንድ ለመበላት የተያዘን እንስሳ ገዝቶ መልቀቅ የጽድቅ ሥራ ነው፤ ለዚሁ የተለዩ የምሕረት ኩሬዎችም ነበሩ። ባለ ወርቅ መልኩ ዓሣ በሰው ጥበቃ ሥር መኖር ከጀመረባቸው ቦታዎች ቀዳሚዎቹ በጂያሺንግና በሃንግዡ ከተሞች የነበሩት እንዲህ ያሉ ኩሬዎች መሆናቸውን የታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ። ዛሬ በየቤቱ በመስታወት ውስጥ የሚዋኘው ፍጡር ከጠላት ተርፎ ዘር የተካው ሰዎች ስለ እምነታቸው ብለው ስለራሩለት ነው ማለት ነው።

ርኅራኄው ግን ብቻውን አልዘለቀም። የውበት ፍላጎት ተከተለው። ዓሣው ወደ ቤተ መንግሥት ኩሬዎች ገባ፤ በሚንግ ዘመን (1368–1644) ደግሞ በሸክላ ዕቃ ውስጥ በየቤቱ ማኖር ተለመደ። በጠባብ ዕቃ ተለይቶ ስለተያዘ ሰው የወደደውን መልክ ከወደደው መልክ ጋር ማዳቀል ቻለ። ጅራቱ ድርብ የሆነ፣ የጀርባ ክንፍ የሌለው፣ ዓይኑ ወደ ውጭ የፈጠጠ፣ ከዓይኑ ሥር ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ሰውነቱ አጥሮ የከበበ ዝርያ ተፈጠረ። ዓሣውም ወደ ጃፓን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ፣ በ19ኛው ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

ውበቱ የተከፈለበት በዓሣው ጤና ነው። ሰውነቱ ባጠረው ዝርያ ሆዱ ውስጥ ያሉት ብልቶች ተጨናንቀው ዓሣው በውሃ ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቅበትን የአየር ከረጢት ይጫኑታል። ትንሽ የሆድ ድርቀት ወይም ኢንፌክሽን ሲጨመርበት ዓሣው ጀርባውን ወደ ታች አድርጎ ይንሳፈፋል፣ ወይም ከሥር ተኝቶ መነሳት ያቅተዋል። ከዓይን ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት በሹል ድንጋይ ይቀደዳል። ቀጥ ያለ ሰውነት ያለው የዱር ዘመዱ እንዲህ ያለውን ችግር እምብዛም አያውቀውም። ሕመሙን በዘሩ ውስጥ ያኖረው ሰው ነው።

ከዘሩ ያልመጣው ሕመም ደግሞ በአብዛኛው ከውሃው ይመጣል። ዓሣ ከሰውነቱ የሚወጣውን አሞኒያ በዋናነት የሚያስወግደው በስንጥቡ በኩል ነው። በወንዝ ውስጥ ያ መርዝ ተጠርጎ ይሄዳል። በክብ የመስታወት ዕቃ ውስጥ የት ይሄዳል? ዓሣው መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ እንደተኛ ሰው ነው፤ የሚተነፍሰው ነገር ቀስ በቀስ ይገድለዋል፣ ከውጭ የሚያየው ሰው ግን ውሃው ኩልል ያለ ስለሆነ አይጠረጥርም። የመርዙ ጉልበት በውሃው አሲዳማነት ላይ ይወሰናል። የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ፣ ማለትም አሲዳማነቱ ሲቀንስ፣ ከአሞኒያው ውስጥ አደገኛ የሆነው ክፍል አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ያው መጠን አሞኒያ በአንዱ ቤት ዓሣውን ሲያደክም በሌላው ቤት የሚገድለው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ባክቴሪያ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚሰፍሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይትን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው ሥራቸውን በሚገባ እስኪይዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ነገር ግን ብዙ ቤተሰብ ዕቃውንና ዓሣውን በአንድ ቀን ይገዛል። ከቧንቧ የተቀዳው ውሃ ክሎሪኑ ሳይወጣለት ይሞላበታል። ዓሣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ሲሞት “ዓሣ እኮ ዕድሜው አጭር ነው” ተብሎ ይታለፋል። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። በእንግሊዝ አገር በ1956 በአንድ ባዛር ላይ በሽልማት የተገኘው ቲሽ የተባለ ወርቃማ ዓሣ የሞተው በ1999 ነው፤ 43 ዓመት ኖሯል።

እዚህ ላይ የሕክምናው ጥያቄ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ዓሣ ግን በተፈጥሮው ሕመሙን ደባቂ ነው። በዱር ውሃ ደካማ ሆኖ የታየ ስለሚበላ፣ እስኪብስበት ድረስ እንደ ጤነኛ ይዋኛል። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው አሳዳጊው በደህናው ጊዜ ዓሣውን ምን ያህል አይቶታል በሚለው ነው። የጀርባ ክንፉ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር ወይስ ታጥፏል? ምግብ ሲመጣ ቀድሞ ይደርስ የነበረው ዛሬ ጥግ ይዟል? በየዕለቱ ያላየው ሰው ለውጡን አያውቅም። ሐኪም ቢጠራ እንኳ የሚነግረው ነገር የለውም።

ምልክት ደግሞ ያሳስታል። ወደ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ዓሣ ኦክስጅን አንሶት፣ በአሞኒያ ተመርዞ፣ በናይትራይት ደሙ ኦክስጅን መሸከም አቅቶት፣ ወይም ስንጥቡ በጥገኛ ትላትል ተወርሮ ሊሆን ይችላል። በሰውነቱና በክንፎቹ ላይ የጨው ቅንጣት የሚያህል ነጭ ነጥብ ሲበተን ዓይነተኛው የነጭ ነጥብ በሽታ ነው። ነጥቦቹ በስንጥቡ ክዳንና በፊተኛው የጎን ክንፉ ላይ ብቻ ሲሰለፉ ግን በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ወንዱ ለመራባት ሲደርስ የሚያወጣው ምልክት ነው። ይህን ያላወቀ አሳዳጊ ጤነኛውን ዓሣ በመድኃኒት ያሠቃየዋል። ሆዱ አብጦ ቅርፊቶቹ የተነሱ እንደሆነ ደግሞ እሱ ራሱ በሽታ ሳይሆን የሌላ በሽታ ውጤት ነው። በጨው አልባ ውሃ የሚኖር ዓሣ ሰውነቱ ውሃን ሳያቋርጥ ይስባል፤ ትርፉን የሚያስወጡት ኩላሊቶቹ ሲደክሙ ውሃው በውስጡ ይጠራቀማል። ያን ጊዜ የመዳን ተስፋው የመነመነ ነው።

የነጭ ነጥብ በሽታ ሕክምና ትዕግሥት ምን እንደሆነ ያስተምራል። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በዓሣው ቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም። ጠግቦ ይወድቃል፣ በጠጠሩ ላይ ራሱን ሸፍኖ ይከፋፈላል፣ ከዚያ ብዙ ልጆቹ አዲስ ዓሣ ፍለጋ በውሃው ውስጥ ይዋኛሉ። ጨውም ሆነ መድኃኒት የሚገድላቸው በዚህች አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ነጥቡ ጠፋ ብሎ ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው ከቀናት በኋላ በሽታው በርትቶ ይመለስበታል። በሞቀ ውሃ ዑደቱ በቀናት ያልቃል፤ በቀዘቀዘ ውሃ ሳምንታት ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በአንድ ሊትር ውሃ እስከ 3 ግራም ጨው፣ ቀስ በቀስ እየተጨመረ ነው። ጨው በናይትራይት መመረዝም ይረዳል፤ በውስጡ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል። ከሁሉ በፊት ግን ውሃውን መለካት ይቀድማል፤ አሞኒያና ናይትራይት ከተገኘ ክሎሪኑ በወጣለትና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ ከሩብ እስከ ግማሹን መቀየር ነው። ሳይለኩ ፀረ ባክቴሪያ መጨመር ማጣሪያውን የያዙትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊገድል፣ መድኃኒት የለመዱ ጀርሞችንም ሊያፈራ ይችላል። አዝኖ ግን ሳይመረምር መድኃኒት የሚያፈስስ ሰው ከማይራራው ያላነሰ ጉዳት ያደርሳል።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ዓሣው ሕመም የማይሰማው ከሆነ ምን ትርጉም አለው? ጥያቄው የቆየ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እንስሳትን እንደ ማሽን ቆጠራቸው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንተም በ1789 በታተመው ሥራው ላይ ጉዳዩ ማሰብ ወይም መናገር መቻላቸው ሳይሆን መሠቃየት መቻላቸው ነው ብሎ ክርክሩን ገለበጠው። የዓሣው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አላባራም። ጄምስ ሮዝ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2002 ዓሣ የሰውን የመሰለ የአንጎል ቅርፊት ስለሌለው ሕመም አይሰማውም ሲሉ ጻፉ። በተከታዩ ዓመት ሊን ስኔደንና ባልደረቦቻቸው በስኮትላንድ ባደረጉት ጥናት ትራውት የተባለው ዓሣ በፊቱ ላይ ጉዳትን የሚለዩ ነርቮች እንዳሉት አሳዩ። ከንፈሩ ላይ አሲድ የተወጋው ዓሣ አፉን በጠጠር ላይ አሸ፣ ከምግብም ለረዥም ጊዜ ራቀ።

በራሱ በወርቃማው ዓሣ ላይ የተደረገ ሙከራም አለ። በ2009 ታትሞ በወጣ ጥናት የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዓሦቹ ላይ ትንንሽ ማሞቂያ አስረው ሙቀቱን ቀስ በቀስ ጨመሩ፤ ማሞቂያው ጉዳት ከማድረሱ በፊት ይጠፋል። ከፊሎቹ ሞርፊን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ተወግተዋል፣ ሌሎቹ የጨው ውሃ ብቻ። ሙቀቱ ሲበዛ ሁለቱም ወገኖች ተወራጩ። ወደ ገንዳቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ሞርፊን የወሰዱት እንደ ወትሮው ሲዋኙ፣ ያልወሰዱት ፈራ ተባ እያሉ በአንድ ቦታ ቆዩ። መወራጨቱ የነርቭ ምላሽ ብቻ ነው ሊባል ይችላል። ከዚያ በኋላ የቀረውን ፍርሃት ግን በዚህ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። በዓሣው ውስጥ ምን እንደሚሰማ ማንም ሊገባበት አይችልም፤ ይህን ያህል ማስረጃ ፊት ለፊት እያለ “አይሰማውም” በሚል ግምት ቸል ማለት ግን ከባድ ድፍረት ነው። ግምቱ ቢሳሳት የሚከፍለው ገማቹ ሳይሆን ዓሣው ነው።

ሃይማኖቶች ወደዚህ ጉዳይ የሚመጡት በሌላ በር ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ዓሣ ከውሃ የተገኘው በዕለተ ሐሙስ ነው፤ ሰው ከመፈጠሩ አንድ ቀን ቀድሞ። መምህራኑ የሰውን ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ሲሏት የእንስሳትን ደማዊት ይሏታል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ቸልታን አይፈቅድም። በየዓመቱ በነነዌ ጾም የሚታሰበው የዮናስ ታሪክ የሚያበቃው እግዚአብሔር ለከተማይቱ ሰዎች ብቻ ሳይሆን ለእንስሳቷም እንደሚራራ በመናገር ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ለእንስሳው ነፍስ ማሰብን የጻድቅ ሰው ጠባይ ያደርገዋል። የአይሁድ ሊቃውንት ደግሞ ሰው ለከብቶቹ ሳይሰጥ ራሱ እንዳይበላ ደንግገዋል።

ለወርቃማው ዓሣ ጉዳይ እጅግ የሚቀርበው ግን በእስልምና የታወቀው የነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስ ነው። አንዲት ሴት በድመት ምክንያት ስለተቀጣችበት ታሪክ ይናገራል። ጥፋቷ ምን ነበር? ድመቷን አልደበደበቻትም። ያዘቻት፤ ይዛም አላበላቻትም፣ የራሷን ሲሳይ እንድትፈልግም አልለቀቀቻትም። ዕዳው የመጣው ከመያዙ ነው። ዓሣን በመስታወት ውስጥ ያስቀመጠ ሰውም እንዲሁ ነው። ወንዙን፣ ነፋሱን፣ ዝናቡን፣ ከመርዝ ሸሽቶ ወደ ሌላ ውሃ መሄድን ከልክሎታል፤ እነዚህን ሁሉ ተክቶ መሥራት የእሱ ፈንታ ሆኗል። የዓሣው ዋጋ 50 ብር ይሁን 5,000 ብር ይህን ዕዳ አይለውጠውም። “ሌላ መግዛት ይቻላል” የሚለውም መልስ አይሆንም፤ አዲሱ ዓሣ የሚገባው እዚያው መርዘኛ ውሃ ውስጥ ነውና።

ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው፣ ምሳውን ዓሣ ጉላሽ የበላ ሰው ማታ የታመመ ዓሣ ሲያክም አይቃረንም ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በግንኙነቱ ላይ ያርፋል፤ ገበሬ በሬ አርዶ ይበላል፣ የራሱ በሬ ሲታመም ግን ያክመዋል፣ ማንም ግብዝ አይለውም። ክርክሩ የሚያስገድደው ሌላ ነገር ነው፤ ለምግብ የሚያዘውም ዓሣ ስቃዩ እንዲያጥር ማድረግ ይገባል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። ሕክምና ያጣ ሕፃን ባለበት ዓለም ለዓሣ ቀዶ ሕክምና መክፈል ተገቢ ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊናቅ አይገባም። ለጆርጅ የተከፈለው ገንዘብ ግዴታ ነበር ብሎ መከራከርም አስቸጋሪ ነው፤ የፍቅር ስጦታ ነበር ማለት ይቀላል። ነገር ግን አብዛኛው ዓሣ የሚሞተው ቀዶ ሕክምና ስላጣ አይደለም። ውሃ መቀየር፣ መለካት፣ ትንሽ ጨው፣ ምግብ አለማብዛት ከየትኛውም ሕፃን አፍ የሚነጠቅ ገንዘብ አይጠይቁም። ስለ ድሆች ማዘን ለቸልታ ምክንያት ተደርጎ ሲቀርብ ደግሞ ድሃውም አንዳች አያተርፍም።

የማይድነውስ? ቅርፊቱ የተነሳ፣ ሳይበላ ብዙ ቀን የቆየ፣ በጎኑ የወደቀ ዓሣ አለ። ሰው የራሱን ሞት እንዲያፋጥን የማይፈቅዱት የአብርሃም ሃይማኖቶች እንስሳን ማረድ ፈቅደዋል፤ አይሁድና ሙስሊሞች ቢላዋው ስለት እንዲኖረው የሚያዝዙትም ስቃዩ እንዲያጥር ነው። ለዓሣ የእርድ ሥርዓት አልተደነገገም፤ የሕጉ ሐሳብ ግን ይደርሰዋል። በሕይወት ሳለ ሽንት ቤት ውስጥ መልቀቅ ወይም በበረዶ ማቀዝቀዝ ስቃይ ማርዘም ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ማደንዘዣ ይጠቀማሉ። በቤት ውስጥ ከሚታወቁት መንገዶች ደግሞ አንዱ፣ ለጥርስ ሕመም ከሚያገለግለው ከቅርንፉድ የሚወጣው ዘይት ነው፤ በትንሽ መጠን ዓሣን ያስተኛል፣ መጠኑ ሲበዛ ሳይነቃ ይሞታል።

ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ መልቀቅ እንደ ምሕረት ይታያል፤ አይደለም። በሽታውና ጥገኛው ወደ ዱር ዓሦች ይሻገራል። ጤነኛው ዓሣም ቢሆን በነጻ ውሃ እየገዘፈ፣ ጭቃውን እየቆፈረና ተክሉን እየነቀለ ሐይቁን ያደፈርሳል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የምትገኘው በርንስቪል ከተማ በ2021 ከሐይቋ የወጡ ግዙፍ ወርቃማ ዓሦችን ፎቶ አሳይታ ነዋሪዎች የቤት ዓሣቸውን እንዳይለቁ ለምናለች። በዓለም ላይ በሌላ በየትኛውም ቦታ የማይገኙ የባርቦ ዝርያዎችን የያዘው የእኛ ጣና ሐይቅ እንዲህ ያለ እንግዳ ሊገባበት አይገባም።

የጣልያን ሞንዛና ሮም ከተሞች በ2004 እና በ2005 ዓሣን በክብ መስታወት ዕቃ ማኖርን በደንብ ከልክለዋል። ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ደንብ በሌለበት ቦታ ግን ጉዳዩ በገዢው ሕሊና ላይ ተጥሏል። ልጃችሁ በሱቅ መስኮት ወርቃማ ዓሣ አይታ ብትለምናችሁ ዓሣውን በዚያ ቀን አትግዙላት። ሰፊ ገንዳ፣ ማጣሪያ፣ ክሎሪን ማስወገጃና የአሞኒያ መለኪያ ገዝታችሁ ስጧት፤ ባክቴሪያው የሚመገበው ጥቂት አሞኒያ እየጨመራችሁም ከእሷ ጋር ውሃውን እየለካችሁ ቆዩ። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሲሆኑ፣ ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ ተመልሳችሁ ዓሣውን ግዙላት።